አራት ቁጥር ላይ ብቻ የሚነፍስ የመኪና ማሞቂያ፤ የፋን ሬዚስተር ግምገማና የቤት ውስጥ አቀያየር

የመኪናው ማሞቂያ ፋን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ዝም ብሎ አራት ላይ ሲደርስ ብቻ እንደ አውሎ ነፋስ የሚነሣ ከሆነ የሞተው ፋኑ አይደለም። የሞተችው ከፋኑ አጠገብ የተቀመጠች፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ፣ ፍጥነት የምትቀንስ ዕቃ ናት፤ የፋን ሬዚስተር ትባላለች። ለመንቀል ሁለት ቪቴ፣ ለመግጠም ያው ሁለት ቪቴ። ቦታው ምቹ በሆነ መኪና ላይ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከመኪና የኤሌክትሪክ ጥገናዎች ውስጥ ለጀማሪ ይህን ያህል የሚገራ ጥቂት ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህች ዕቃ በራሷ ጥፋት የምትሞተው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አዲስ ተገጥማ በጥቂት ወራት ውስጥ ዳግም ስትቃጠል «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ይደመደማል፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አሮጌዋን የገደላት ነገር ሳይነካ ቀርቶ አዲሷንም ገድሏት ነው። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው የትኛው ዕቃ እንደሚሻል ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከምን ጋር ቢገጠም ዕድሜ እንደሚኖረው ነው።

ብይኑን አስቀድመን እንናገር። ሬዚስተሩ የሚሰካበት ሶኬት ካልጠቆረና ካልቀለጠ የመኪናው አምራች የሚጠቀምበትን ሬዚስተር ብቻውን ግዙ። ሶኬቱ ትንሽ እንኳ ቡናማ ከሆነ ግን ሬዚስተሩን ከነአዲሱ ሶኬትና ሽቦ በአንድ ላይ የሚሸጠውን ግዙ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሬዚስተር አትግዙ። የሙቀት ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ «ማዳን» የሚባለውን ደግሞ አትሞክሩት፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን አራት ቁጥር ብቻ ይተርፋል

በእጅ በሚዞር ቁልፍ የሚሠራ ማሞቂያ ውስጥ ሬዚስተሩ ተከታትለው የተያያዙ ሦስት ያህል የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው። አንድ ቁጥር ላይ ኤሌክትሪኩ ሦስቱንም አልፎ ወደ ፋኑ ሞተር ይሄዳል፤ ሁለት ላይ ሁለቱን፣ ሦስት ላይ አንዱን ብቻ። አራት ላይ ግን ጥቅልሎቹን ሁሉ ትቶ በቀጥታ፣ ብዙ ጊዜም በሬሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) በኩል፣ ያልፋል። ከጥቅልሎቹ ጋር በተከታታይ አንድ የሙቀት ፊውዝ አለ፤ ዕቃዋ ከመጠን በላይ ስትግል ይህ ፊውዝ ተበጥሶ ሦስቱን ዝቅተኛ ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል። አራት ቁጥር የሚተርፈው በዚያ መንገድ ስለማያልፍ ነው።

ይህን የተከታታይነት ነገር ልብ ያለ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ፣ ቁልፉን በማዞር ብቻ ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል። አንድ ቁጥር ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ካሉ የመጨረሻው ጥቅልል ወይም የመቆጣጠሪያው ቁልፍ አንዱ ንክኪ ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ጠፍቶ አንድና ሦስት ከሠሩ ግን ሬዚስተሩ ደህና ነው፤ አንድ ቁጥር የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ጥቅልሎቹን በሙሉ አልፎ ስለሆነ አንዱ ቢበጠስ ኖሮ አንድ ቁጥርም አይኖርም ነበር። እዚህ ላይ ሬዚስተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ጥፋቱ ከቁልፉ ወይም ከሶኬቱ አንዷ ምላስ (የብረት ንክኪ) ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም ዝቅተኞቹ ሁሉ ሠርተው አራት ብቻ ከጠፋ፣ የከፍተኛው ፍጥነት ሬሌ፣ ቁልፉ ወይም የዚያ መስመር ሽቦ ይጠረጠራል።

ፋኑ በየትኛውም ቁጥር የማይነሣ ከሆነ ወደ ሬዚስተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ፊውዙን እዩ፤ የፋን ፊውዝ በአብዛኛው 30 ወይም 40 አምፔር ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ፋኑን አራት ላይ አድርጋችሁ የሞተሩን ታች በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከተነሣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል፤ የሚያስፈልገው ሞተር ነው። ካልተነሣ በቴስተር የሞተሩን ሶኬት ለኩ፤ ሁለቱ ምላሶች መካከል 12 ቮልት ገደማ ደርሶ ሞተሩ ዝም ካለ ሞተሩ ሞቷል።

«ሁለቱ ምላሶች መካከል» የሚለው ቃል በከንቱ አልተጻፈም። በብዙ የጃፓን መኪኖች ሬዚስተሩና ቁልፉ ያሉት በማሳው፣ ማለትም በኔጌቲቩ፣ በኩል ነው። ሞተሩ ፖዘቲቩን ሁልጊዜ ያገኛል፣ ፍጥነቱ የሚወሰነው ኔጌቲቩ በምን በኩል እንደሚመለስ ነው። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ በመኪናው ብረት ላይ አድርጎ የሚለካ ሰው ሞተሩ ባይሠራም እንኳ በሁለቱም ምላሶች 12 ቮልት ያነባል፤ ከዚያ «ኤሌክትሪክ አለ፣ ሞተሩ ነው የተበላሸው» ብሎ ጤነኛ ሞተር ይጥላል። የተሳሳተ ሞተር ከሚገዛባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ይመስለናል።

የተነቀለ ሬዚስተር ሲለካ በምላሶቹ መካከል የሚገኘው ቁጥር ትንሽ ነው፤ እንደ መኪናው ዓይነት ከ0.3 እስከ 4 ኦም ባለው ውስጥ ይወድቃል። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው 0.2 ወይም 0.3 ኦም ስላላቸው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክታችሁ የምታነቡትን ቁጥር ቀንሱ። በዚህ መለኪያ የሚፈለገው ትክክለኛ ቁጥር ሳይሆን መበጠስ አለመበጠሱ ነው፤ የተበጠሰ ከሆነ ቴስተሩ ምንም አያነብም። በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ጥቅልሎቹ ሲያብረቀርቁ ፊውዙ የተበጠሰበት ሬዚስተር ብዙ ነው።

ሦስቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው የአምራቹ ዕቃ ነው፤ ወይ የመኪናው ስም ባለበት ሣጥን፣ ወይ ዕቃውን ለመኪና ፋብሪካዎች በሚያቀርቡት እንደ ዴንሶና ቫሌዮ ባሉ ድርጅቶች ስም ይገኛል። በሁለተኛው መንገድ መግዛት ብልህነት ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ትልቁ ብልጫ የጥቅልሉ ጥራት ሳይሆን የሙቀት ፊውዙ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ልክ መቀመጡ ነው። ጎማው ወይም ስፖንጁ ማሸጊያ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ የቪቴው ቀዳዳ ከቤቱ ጋር ይገጥማል፤ ሶኬቱ ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሶኬቱ ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም። የቀለጠ ሶኬት ያለበት ሰው ሌላ ዕቃ ፍለጋ ይገባል።

ሁለተኛው በሌሎች አምራቾች የሚሠራና ከሶኬት ጋር የሚመጣው ነው። ዶርማን እንዲህ ያለውን ጥምር ዕቃ ለብዙ መኪኖች ያቀርባል፤ ሌሎችም አሉ። ሬዚስተር፣ አዲስ ሶኬት፣ ወደ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ሽቦዎች፣ አንዳንዴም ማገናኛ ቱቦዎች። ሶኬቱ ለተጎዳበት መኪና ከአምራቹ ብቸኛ ዕቃ ይህን እናስቀድማለን፤ የተጎዳ ሶኬት ላይ የተሰካ ምርጥ ሬዚስተር ከአዲስ ሶኬት ጋር ካለ መካከለኛ ሬዚስተር ያነሰ ዕድሜ አለው። ሲገዛ የሚታየው የሽቦው ውፍረት ነው። አሮጌዎቹ ወፍራም ሆነው አዲሶቹ ሲቀጥኑ ካያችሁ መልሱት። ዋናው መስመር ከ2.5 እስከ 4 ካሬ ሚሊሜትር ያለውን ሽቦ ይጠይቃል። የሽቦ ልባስ ብቻውን ወፍራም ሆኖ በውስጡ ጥቂት መዳብ ያለበት ስላለ ጫፉን ገልጦ መዳቡን ማየት ይሻላል።

ስም በሌለው ሣጥን የሚመጣው ርካሽ ዕቃም በዚሁ በሁለተኛው ክፍል ነው፤ መልኩ ከሌላው ስለማይለይ አራት ነገሮችን ተመልከቱ። የሙቀት ፊውዝ አለው ወይስ የለውም? የሌለው አለ፤ እንዲህ ያለው በምንም ዋጋ አይገዛም። ምላሶቹ ሲነኩ ይነቃነቃሉ? ጥቅልሎቹ ከፕላስቲኩ ወይም ከእርስ በርሳቸው ጋር ሊነካኩ ይችላሉ? ማሸጊያው አለ? ከአራቱ በአንዱ እንኳ ከወደቀ አትግጠሙት።

ከጥቅልል ይልቅ በነጭ ሸክላ ሰሌዳ ላይ እንደ ቀለም የተቀባ መስመር ያለው ዓይነት አለ፤ ባንክ ካርድ ያህል ነው። በብዙዎቹ ላይ የሙቀት ፊውዙ በሶልደር የተያዘ ትንሽ የመዳብ ስፕሪንግ ነው፤ ሲግል ሶልደሩ ይቀልጥና ስፕሪንጉ ይነሣል። ይህን መልሶ በየዳ ማድረግ በጣም ቀላል መሆኑ ነው አደጋው። የፋብሪካው ሶልደር የሚቀልጥበት ሙቀት ሆን ተብሎ ተመርጧል፤ ቤት ያለው ሶልደር በየትኛው ሙቀት እንደሚለቅ አልተመረጠም። ሰሌዳው ሲገጠም አንድ ጥግ ተጨንቆ ከታጠፈ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቪቴዎቹን ተራ በተራ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

ሦስተኛው ከአሮጌ መኪና የሚፈታው ነው። ሞተርና መቆጣጠሪያ ቁልፍ ከተፈታ መኪና መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ሬዚስተር ግን በሙቀት የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ ከዚያኛው መኪና ላይ ምን ያህል እንደጋለ በዓይን አይታወቅም። ከዚያ ክምር ውስጥ ሊፈለግ የሚገባው ሶኬቱ ነው፤ ከረጅም ሽቦው ጋር ያልጠቆረ ሶኬት ከተገኘ ከአዲስ ርካሽ ሶኬት ይሻላል።

አውቶማቲክ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያላቸው መኪኖች በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። በእነሱ ላይ ጥቅልል የለም፤ በአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ የተቀመጠ ትራንዚስተር ያለው ሞጁል ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ሲበላሽ ወይ ፋኑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ይነፍሳል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ ተነቅሎም መዞሩን ቀጥሎ ባትሪውን ያወርዳል። አቀያየሩ ተመሳሳይ ነው፤ ዕቃዎቹ ግን እርስ በርስ አይተካኩም። ከማዘዛችሁ በፊት የአሮጌውን ቁጥር ከላዩ ላይ አንብቡ።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፦ ለባትሪው 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ የ7 እና የ8 ቡሶላ፣ ለአንዳንድ አውሮፓዊ መኪኖች ባለ ኮከቡ ቲ20፣ የእጅ ባትሪ፣ ቴስተር። ሶኬት የሚቀየር ከሆነ የሽቦ መግፈፊያ፣ መቆንጠጫ ፒንሳና በሙቀት የሚጠብ ላስቲክ ቱቦ ይጨመራል።

መኪናውን አጥፍታችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅቁ፤ ሬዲዮው የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ከማላቀቃችሁ በፊት ቁጥሩ በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ። የምትሠሩት ከጋቢናው ኤርባግ ሥር ነው። የኤርባጉ ሥርዓት ባትሪው ከተላቀቀ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ቶዮታ በጥገና መመሪያው 90 ሰከንድ መጠበቅ ያዛል፤ ሌሎች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። አሥር ደቂቃ የጠበቀ ሰው አብዛኞቹን ይሸፍናል። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ አትንኩት፣ በቴስተርም አትለኩት።

ሬዚስተሩ በአብዛኞቹ መኪኖች ከጋቢና ተቀማጩ ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ወይም ሥር፣ ከፋኑ ሞተር ጎን ነው። የሳጥኑን ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ ጨምቃችሁ ወደ ታች ብትለቁት በብዙ መኪኖች ይወርዳል፤ ከጎኑ ያለችውን፣ አወራረዱን የምታዘገየውን ክር አስቀድማችሁ አውልቁ፣ አለበለዚያ ትሰበራለች። በጥቂት መኪኖች ሬዚስተሩ በሹፌሩ ፔዳሎች በኩል ነው፤ በሌሎች ደግሞ ከኮፈኑ ሥር፣ ከመስተዋቱ ግርጌ ነው የሚደረስበት። ቦታውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የሞተሩን ክብ ቤት ፈልጎ ከእሱ ወደ አየሩ መሄጃ መከተል ነው። ሬዚስተሩ ሁልጊዜ ፋኑ በሚነፍስበት መንገድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሚያቀዘቅዘው ያው ነፋስ ነው።

ሶኬቱን ስታላቅቁ መቆለፊያውን ተጭናችሁ አካሉን ያዙ፣ ሽቦዎቹን አትጎትቱ። ከሙቀት የተነሣ ከተጣበቀ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ የሚቀየር ስለሆነ ሽቦዎቹን ከበስተኋላው ቆርጦ ሁለቱን አብሮ ማውጣት ይቀላል። ሁለቱን ቪቴዎች ስትፈቱ ከሥር ጨርቅ ያዙ። ሬዚስተሩ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ክፍት ይሆናል፤ በዚያ የገባ ቪቴ ወደ ፋኑ ከበሮ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ሳያወርዱ አይወጣም። ማግኔት ያለው ካቻቢቴ የተሻለ ነው።

የወጣውን ዕቃ አንብቡት። ሁሉን ነገር ይናገራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለበት ውሃ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ ከመስተዋቱ ሥር ያለው የዝናብ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ ነው። ያንን ሳትከፍቱ አዲስ አትግጠሙ። አቧራና ፀጉር የተሸመነበት ከሆነ የአየር ማጣሪያው ወይ የለም ወይ ተቀዷል። ንጹሕ ሆኖ የሙቀት ፊውዙ ብቻ ተበጥሶ ከሆነ ነፋስ አጥሮታል ወይም ሞተሩ ብዙ ስቧል። አንዱ ምላስ ብቻ ጠቁሮ ከሆነ ጥፋቱ በሶኬቱ ነው።

አዲሱን አስገቡ፣ ማሸጊያው በዙሪያው ሙሉ መሆኑን እዩ፤ ክፍተት ካለ በከፍተኛ ፍጥነት ፉጨት ይሰማል። ቪቴው የሚገባው በፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሱ ወደ አሮጌው ጎዳና ሲወድቅ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ይሰማችኋል፤ ከዚያ ወደ ፊት። በጣት ኃይል ከጠበቀ ይበቃል።

አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። አዲሱን ዕቃ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ፣ ወደ ቤቱ ሳያስገባ፣ በአየር ላይ አንጠልጥሎ «እስቲ ይሠራል ወይ» ብሎ መሞከር። ነፋስ የማያገኝ ሬዚስተር ወዲያው ይግላል፤ ጣት ያቃጥላል፤ አዲሱን የሙቀት ፊውዝ ከመገጠሙ በፊት ይበጥሳል። ከዚያ ዕቃው «ከሣጥኑ ሞቶ የወጣ» ተብሎ ይመለሳል። ሙከራ የሚደረገው ሁለቱ ቪቴዎች ከጠበቁ በኋላ ነው።

ሶኬቱ

ጥገናው የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚህ ነው። አራት ቁጥር ላይ ፋኑ ወደ 20 አምፔር ሊስብ ይችላል። የሶኬቱ አንዷ ምላስ ላልታ ወይም ዝጋ 0.05 ኦም ብቻ ብትጨምር በዚያች ነጥብ ላይ 20 ዋት ሙቀት ይወለዳል፤ ጥፍር በምታህል ብረት ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ። ምላሷ ስትግል ስፕሪንግነቷን ታጣለች፣ ስታጣ ይበልጥ ትላላለች፣ ስትላላ ይበልጥ ትግላለች። የጠቆረ ሶኬትን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ መልሶ መሰካት ይህን ዑደት አያቆመውም።

አዲሱን ሶኬት ስታገናኙ የሽቦ ቀለም አትመኑ። በጥምር ዕቃው የሚመጡት ሽቦዎች ቀለም ከመኪናው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ አንዳንዱ ሁሉም ጥቁር ነው። የሚታመነው የምላሷ ቦታ ነው። ሁለቱን ሶኬቶች ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ያዙ፣ ከዚያ አንዱን ሽቦ ብቻ ቁረጡ፣ አገናኙ፣ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ቀሪውን ቀን የመስመር ሥዕል ሲፈልግ ይውላል።

መቁረጫ ቦታዎቹን አፈራርቁ፤ አንዱ ከሶኬቱ 5፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 9 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ከተከመሩ ወፍራም ቋጠሮ ሆነው አንዱ ሌላውን ያሞቃል። ላስቲኩን ቱቦ መጀመሪያ በሽቦው ላይ አስገቡ፤ ይህን የረሳ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። 8 ሚሊሜትር ያህል ግፈፉ፣ የሽቦው መዳብ ጠቁሮ ከሆነ ብሩህ መዳብ እስኪመጣ ወደ ኋላ ቁረጡ፣ በማገናኛ ቱቦው ውስጥ ከሁለቱም ጫፍ አስገብታችሁ በመቆንጠጫው ጨምቁ። ከዚያ በኃይል ጎትቱት። በእጅ የወጣ መጋጠሚያ በመንገድም ይወጣል።

ሶልደር ብቻ ለዚህ ቦታ አንመርጥም። የተበየደ ሽቦ መበየጃው በሚያልቅበት ቦታ ይደርቃል፣ ንቅናቄ ሲደጋገም እዚያው ይሰበራል፤ መጋጠሚያው ክፉኛ ከጋለም ሶልደሩ ይለሰልሳል። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ደግሞ ጥገና አይባልም። ሙጫው በሙቀት ይላላል፣ ናስትሮው ይፈታል፣ መዳቡ ብረት ይነካል።

የሙቀት ፊውዙን በሽቦ ማገናኘት ለምን እንደማይሞከር ለማሳየት አንድ በይፋ የታወቀ ጉዳይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ቮክስሆል በብሪታንያ ዛፊራ ቢ የተባለውን መኪናውን ለጥገና ጠራ፤ ቁጥሩ ከ200,000 በላይ ነበር። መኪኖቹ በእሳት ይያያዙ ነበር፤ ኩባንያው ምክንያት ብሎ ያቀረበው ተገቢ ያልሆነ የፋን ሬዚስተርና የሙቀት ፊውዝ ጥገናን ነበር። በ2016 ሁለተኛ ጥሪ ተከተለ። ፊውዙ የተቀመጠበት ቦታ በፕላስቲክ፣ በስፖንጅና በአቧራ የተከበበ ነው፤ ያን ሁሉ ሳይነድ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው።

አሮጌዋን ማን ገደላት

ሬዚስተሩ ላይ የሚወለደው ሙቀት ከሞተሩ ፍጆታ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚጨምረው። ዝቅተኛው ደረጃ ላይ 2 ኦም የሆነ ሬዚስተር ሞተሩ 4 አምፔር ሲስብ 32 ዋት ይሞቃል። ያው ሞተር ኩሽኔታው ደርቆ ወይም ፋኑ ቆሽሾ 5 አምፔር ሲስብ 50 ዋት ይሆናል። አንድ አምፔር ብቻ ናት ልዩነቷ። እየደከመ የሚዞር ሞተር ደግሞ ነፋሱን ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣው ባነሰበት ጊዜ ሙቀቱ ይበዛል። ከሁለት ወገን የምትመታ ሬዚስተር ብዙ አትቆይም።

ስለዚህ ሬዚስተሩ ወጥቶ ሳለ በቀዳዳው በኩል ወይም ከሞተሩ ሥር ጣት አስገብታችሁ ከበሮውን አዙሩ። ጤነኛ ፋን ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ዙር በራሱ ይዞራል። ወዲያው የሚቆም፣ የሚንሾካሾክ፣ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ሞተሩ ተራውን እየጠበቀ ነው። በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለካ መቆንጠጫ ቴስተር በሞተሩ አንዱ ሽቦ ላይ ያድርግ። በተራ ቴስተር 10 አምፔር ቀዳዳ አትሞክሩት፤ ፋኑ አራት ላይ ከዚያ በላይ ይስባልና የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። አራት ቁጥር ላይ የሚነበበው ወደ መኪናው ፊውዝ ልክ የተጠጋ ከሆነ አዲስ ሬዚስተር ብቻውን መግጠም ለአዲሱ ዕቃ የሞት ፍርድ ነው።

የአየር ማጣሪያውም ከዚሁ ወገን ነው። የተደፈነ ማጣሪያ ነፋሱን ያንቃል፣ ሬዚስተሩ ይግላል። ማጣሪያው ርካሽ ነው፤ የዕቃ ሳጥኑ ወርዶ ሳለ አብሮ ይቀየር፣ በጎኑ ያለው ቀስት የነፋሱን አቅጣጫ ይከተል።

ሞተሩ ራሱ የሚቀየር ከሆነ በአብዛኛው ሦስት ቪቴ፣ አንድ ሶኬትና አንዲት የላስቲክ ማቀዝቀዣ ቱቦ ናቸው፤ በአንዳንድ መኪኖች ቪቴ የለም፣ ቁልፏን ተጭኖ ሞተሩን ማዞር ነው። ቱቦዋን መመለስ አትርሱ፤ ሞተሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። ከበሮው ተገጥሞ የሚመጣውን ሞተር ግዙ። አሮጌውን ከበሮ ወደ አዲስ ሞተር ማዛወር ጥልቀቱን ያዛባል፤ ሁለት ሚሊሜትር ከወረደ ቤቱን ይቧጭራል። በከበሮው ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ቅንጣቢዎች ቆሻሻ አይደሉም፤ ሚዛን ናቸው፣ አትንቀሏቸው። ሲታዘዝ መሪው በቀኝ ይሁን በግራ መግለጽ ይገባል፤ የፋኑ ቤት ሲገለበጥ የዙረቱ አቅጣጫም ሊገለበጥ ይችላል። በተሳሳተ አቅጣጫ የሚዞር እንዲህ ያለ ፋን ነፋሱን ወደ ኋላ አይልክም፤ ወደ ፊት ይልካል፣ ግን ደክሞ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ስሕተቱን ሳያውቅ «አዲሱ ሞተር ደካማ ነው» ይላል።

ቅዝቃዜ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ወፍ ጫጩት የሚጮህ ሞተር ዘይት ሲጠጣ ዝም ይላል፣ ለጥቂት ሳምንት። የሚረጭ ቅባት ግን ወደ ካርቦኖቹ ከደረሰ ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ጭቃ ይሠራል፤ ካርቦኑ ደግሞ ብልጭታ አለው። አይመከርም።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ባትሪውን መልሱ፣ የመኪናውን ሞተር አስነሡ፣ ፋኑን ከአንድ ጀምራችሁ እስከ አራት አሳልፉት፤ በየደረጃው የድምፅ ልዩነት መሰማት አለበት። የፍጥነቱ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሁለት ሽቦዎች ተቀያይረዋል። ሦስት ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ተውት፣ ከዚያ አራት ላይ አምስት ደቂቃ። አጥፍታችሁ ወዲያው የሶኬቱን ፕላስቲክ በጣት ንኩ። ለብ ያለ ይሁን። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ምላሷ አልያዘችም፤ የዕቃ ሳጥኑን ከመመለሳችሁ በፊት አውጡና እዩ።